ለአሥራ አራተኛው ጥያቄ መልስ

ለማከብርሽና ለምሳሳልሽ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? በጠመኔው ብናኝ የሚነሣብሽ ሳልስ ተወሽ፣ ወይስ ዛሬም ሰሌዳውን በደረቅ ጨርቅ እየጠረግሽ አቧራውን ትውጪዋለሽ? እማዬስ እንደ ምን ናት? የደም ግፊቷን ታስለካለች፣ ወይስ እንደ ልማዷ የታመመው ማሽኑ ነው እያለች ታስቃችኋለች? ጋሼስ ወገቡን ተሻለው? እልኸኛ ስለሆነ ዛሬም የሠራውን በር ብቻውን ተሸክሞ ፎቅ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ሚጣስ፣ የወለቀው የፊት ጥርሷ በቀለላት፣ ወይስ አሁንም ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? አክስታችንስ ከላይኛዋ ጎረቤቷ ጋር ታረቀች? እኔ እናንተን ከማሰብ በቀር ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ቤቴም አያፈስም።

ይህን ሁሉ ጥያቄ ካከታተልኩብሽ በኋላ አንድ ነገር ታዘብኩ። በደብዳቤ መጠየቅ ለጠያቂው ምቹ ነው። የምትመልሺው እኔ በሌለሁበት ነው። ፊትሽን አላይም፤ ከመናገርሽ በፊት ትንሽ ዝም ስትዪ አልሰማም። የዘንድሮን ወራት የሰዎችን ዝምታ በጆሮዬ ሳዳምጥ ስለከረምኩ ዝምታ መፍራት ጀምሬአለሁ።

ለምን አልደወልክም ትዪኝ ይሆናል። የቤቱን ስልክ ታውቂዋለሽ። እማዬ ድምፁን ከፍ አድርጋ መሃል ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ሁላችሁም በአንድ ላይ ታወራላችሁ፣ እኔም ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ እያልኩ ያልቃል። የኮሌጅሽን ስልክ ደግሞ ሞክሬው ነበር። ወደዚያ እመጣለሁ።

ሥራዬን እስከ ዛሬ በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ቢሮ ነው፣ ቁጥር ነው እያልኩ አልፌዋለሁ። የምሠራበት ቢሮ በየጥቂት ዓመቱ ኮሌጆች በመጀመሪያ ዲግሪ ሒሳብንና ስታቲስቲክስን እንዴት እንደሚያስተምሩ ያጠናል። ሁሉንም ኮሌጅ ማዳረስ ስለማይቻል ጥቂቶቹን በዕጣ እናወጣለን፤ ከዚያ ለየትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ደውለን መጠይቁን እያነበብን እንሞላለን። ስንት ተማሪ ካልኩለስ ይወስዳል? ስንቱ ይወድቃል? ስታቲስቲክስ የሚያስተምረው በስታቲስቲክስ የተመረቀ ሰው ነው ወይስ የተገኘ ሰው? ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛዎቹ ግድግዳውን ተከትለው ተደርድረዋል። በየመካከላቸው ድምፅ እንዳያልፍ ተብሎ ስስ ጣውላ ቆሟል፤ ድምፁ ግን እንደ ልቡ ያልፋል።

ኃላፊዎቹን ብትሰሚያቸው ትስቂ ነበር። አንድ ሽማግሌ ስንት የሒሳብ ተማሪ እንዳላቸው ብጠይቃቸው፣ «ከመጀመሪያው ፈተና በፊት ነው በኋላ?» አሉኝ። አንዷ የስታቲስቲክስ መምህራኗን ቁጥር አንድ ተኩል ነው አለችኝ። ግማሹ ማን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ኢኮኖሚክስ ክፍል የሚሻማን ሰውዬ ነዋ፤ ጠዋት የኛ፣ ከሰዓት የነሱ» አለች። ከጣውላው ማዶ የሚቀመጠው ባልደረባዬ፣ ሁላችንም ሳቂታው የምንለው፣ እንዲህ ያለውን ሲሰማ ማዳመጫውን አውልቆ በሳቅ ይንፈራፈራል። እሱ ራሱ ደግሞ አንዱን ኃላፊ ሴት ተማሪ ስንት አለህ ቢለው፣ «አንድ፤ እሷም ልጄ ናት፣ አስገድጃት ነው» ተብሎ ከነወንበሩ ሊወድቅ ነበር።

እንዲህ እየሳቅን ስንሠራ፣ አንቺ የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ የሆንሽበት ኮሌጅ በዕጣው ወጣ። የወጣውም ለእኔ በተመደቡት ውስጥ ነው።

ደንባችን ግልጽ ነው። ዘመድ ያለበት ትምህርት ክፍል የደረሰው ሰው አለቃችንን ነግሮ ለሌላ ያስተላልፋል። የሚጠበቅብኝ እህቴ ናት ማለት ብቻ ነበር። አላልኩም። ሳቂታው ደውሎልሽ አንቺ ስትመልሺለት፣ ከጣውላው ማዶ ሆኜ የምሰማውን አሰብኩና አፌ ተሳሰረ።

መጠይቁን ስላላየሽው አሥራ አራተኛውን ጥያቄ ልጻፍልሽ። ክፍት የቋሚ መምህር ቦታ አለ ወይ፣ ካለ ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ያልተሞላው ለምንድን ነው? ለምክንያቱ የተዘጋጁ ምርጫዎች አሉ፤ በጀት የለም፣ አመልካች አልተገኘም፣ የበላይ አልፈቀደም፣ ሌላ። ለስንቱ እንግዳ ሰው እንደ ዋዛ አንብቤዋለሁ። አንድ ጊዜ አንድ ኃላፊ ቦታው ያልተሞላው ሰው እየጠበቅን ስለሆነ ነው አለኝ። እንዲህ የሚል ምርጫ ስለሌለን ሌላ የሚለው ውስጥ አስገባሁት። እሱን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ማዳመጫውን አላወለቅኩም። አንቺም ይህንኑ እንደምትዪ ታውቆኝ ነበር። እኔ በሠንጠረዡ ውስጥ ሌላ ነኝ።

ጭራሽ አልደወልኩም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ቁጥሩን ነክቼ ሳይጠራ የዘጋሁበት ጊዜ አለ። አንድ ቀን ግን ጠራ፣ አንቺም አነሣሽው። «ሒሳብ ክፍል» አልሽ። ከኋላሽ ወንበር ሲጎተት፣ ተማሪ ሲያጉረመርም ይሰማል። «ሒሳብ ክፍል፤ ማን ልበል?» አልሽ ደግመሽ። ያን የጥድፊያ ድምፅሽን አውቀዋለሁ፤ ጠመኔውን በጣትሽ እንደ ያዝሽ ነበር። ዘጋሁት። ታስታውሺው እንደሆነ እንጃ። የተሳሳተ ቁጥር አልነበረም።

ከዚያ በኮሌጅሽ ፊት «መልስ አልተገኘም» የሚለውን መረጥኩና ወደሚቀጥለው ኮሌጅ አለፍኩ። ለራሴም ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩት።

በእኛ ሙያ መልስ ያልተገኘለት ትምህርት ክፍል ባዶውን አይቀርም። ኮምፒዩተሩ የሚመስሉትን ሌሎች ኮሌጆች ፈልጎ የእነሱን አማካይ ይሞላበታል። ለጠቅላላው ድምር ይህ ነውር የለውም፤ አንቺም ለተማሪዎችሽ የምታስተምሪው ነው። የአንቺን እንዴት እንደ ሞላው ሳይ ግን ክው አልኩ። አራት ቋሚ መምህራን። የትርፍ ሰዓት መምህር የለም። ክፍት ቦታ የለም። አንቺ፣ ጡረታቸው የደረሰው ሽማግሌ፣ ያቺ በግራ እጇ ስለምትጽፍ ግራኟ የምትሏት፣ በሰዓት እየተከፈላት የምትደክመው የቀድሞ ተማሪሽ፣ ሁላችሁም ተነሥታችሁ ደኅና ደኅና ሰዎች ገብተውበታል። በእኔ ወንበር ላይ አንድ አማካይ ሰው ተቀምጧል። ዕድሜው አማካይ ነው፣ ደመወዙም አማካይ። በሰዓቱ ይገባል። ማንንም አያስጠብቅም። ያን ሰውዬ ቀናሁበት ብልሽ ታምኚኛለሽ?

ነገሩ በወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ አልፈው ነበር ይሆናል፤ ራሴን ስለማውቀው ነው። ነገር ግን የመምህር ቦታ የሚያድሉት ሰዎች የሚያዩት የእኛን ቁጥር ነው። አራት መምህር ላለው ክፍል ማን ያዝንለታል? አንቺም ባለፈው ደብዳቤሽ እንደ ቀልድ አድርገሽ ጽፈሽልኛል። ዲኑ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያልተሞላ ቦታ ይወሰዳል ቢልሽ፣ አንቺ ወንድሜ እየመጣ ነው ብለሽ ሸኘሽው። ዝቅ ብለሽ ደግሞ ግራኟን አንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ነይ ግቢልን እያለ እንደሚያባብላት ነገርሽኝ። ሁለቱን ወሬ ለያይተሽ፣ በመሃላቸው የሚጣን ጥርስ አስገብተሽ ነው የጻፍሽው፤ እንዳላገናኛቸው ብለሽ ይመስለኛል። አገናኘኋቸው። የግራኟን ቦታ የያዝኩባት እኔ ነኝ። እሷ ከሄደች፣ ሽማግሌውም ከወጡ፣ የስታቲስቲክሱ ዲግሪ በአንቺ ጉሮሮ ብቻ አይቆምም። ይዘጋል። አንቺ ይህን ሳታውቂው ቀርተሽ አይደለም ዝም ያልሽው።

ስሄድ የተባባልነውን አልረሳሁም። ሁለት ዓመት ተምሬ ልመጣ፣ አንቺ ሒሳቡን፣ እኔ ስታቲስቲክሱን ልንይዝ። ጠረጴዛዬን አንቺና ጋሼ ናችሁ ተሸክማችሁ በቢሮሽ መስኮት ጎን ያስቀመጣችሁት። ስጽፍ የእጄ ጥላ እንዳይጋርደኝ ብርሃኑ በግራ በኩል ይምጣለት ብለሽ ጋሼን ሁለቴ እንዳስዞርሽው፣ እሱም ይህ ልጅ ሳይመጣ ወገቤ ሊሄድ ነው እንዳለሽ ሰምቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ የፈተና ወረቀት ትከምሪያለሽ፤ ወንበሯ ላይ ግን ማንንም አታስቀምጪም። እንግዳ ሲመጣ ከጎረቤት ክፍል ወንበር ታስመጪያለሽ አሉ። በየደብዳቤሽ መጨረሻ ወንበርህ እንደ ቆመች ናት ትዪኛለሽ። እኔ ዘንድሮ አልተመቸኝም እላለሁ። አልመጣም ብዬ አላውቅም፤ እመጣለሁ ማለቱንም ከተውኩ ቆይቷል። አንቺ ይህን አስተውለሽ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስባለሁ። ሁሉን ነገር የምታስተውዪ ሰው ነሽ።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ለአለቃችን ነገርኳት። ብርቱካን ልጣ ፍሬውን በወረቀት ላይ ደርድራ አንድ አንድ እያነሣች ትሰማኝ ነበር። የጠበቅኩት ቁጣ ነው። ሠንጠረዡን ማረም ቀላል ነው፣ ሳቂታው ይደውልላታል አለችኝ። ቀጥላም፣ «ስለ ክፍት ቦታው ሲጠይቃት ግን ምን የምትለው ይመስልሃል?» አለች። ወንድሜ እየመጣ ነው ትላለች አልኳት። «እየመጣህ ነው?» አለችኝ። ሳቂታው ከማዶ በአንዱ ኃላፊ ነገር ይስቃል። አንዲት የብርቱካን ፍሬ ወደ እኔ ገፋ አደረገችልኝና፣ «እንግዲያው እህትህ በቅን ልቧ የተሳሳተ መልስ ልትሰጠን ነው። የሷን መልስ እኔ ማረም አልችልም፤ የምትችለው አንተ ነህ» አለችኝ። ከዚያ ሥራችንን እስክንጨርስ ስልክ እንዳልነካ አዘዘችኝ። አሁን ሌሎች የሞሉትን እየመረመርኩ እውላለሁ። ሳቂታው ሲያየኝ ሳቁን ዋጥ ያደርገዋል። ከቅጣቱ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው።

ስለዚህ መልሴን ልስጥሽ። እትዬ፣ አልመጣም።

ይህን ጽፌ ተነሣሁ። መስኮቱ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ታች አንድ ሰው መኪናውን ያብሳል፣ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር መንገድ ለመሻገር ቆማለች። ቁጭ ስል ቃሉ እዚያው ነበር። እንዳልሰርዘው ቶሎ ብዬ ልቀጥል።

ምክንያቴን ትፈልጊያለሽ። ትልቅ ምክንያት ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ። አልታመምኩም፣ አላገባሁም፣ እጄን የያዘኝ ሰው የለም። ማስተማር አልወድም፣ በቃ። ከመሄዴ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ፕሮባቢሊቲ አስተምር ብለሽ ሰጥተሽኝ ከኋላ ተቀምጠሽ ነበር። ጠመኔው በላቤ ራሰ፣ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ አዝናልኝ ዐይኗን ሰበረች። ስንወጣ ይለመዳል አልሽኝ። እኔ ግን እንደማይለመድ እዚያው ሰሌዳው ፊት ገብቶኛል። ያኔውኑ መናገር ይቻል ነበር። አንቺ ግን በኮሪደሩ ላገኘሽው ሁሉ ወንድሜ ነው፣ ወንድሜ ነው እያልሽ ነበርና አላስቻለኝም።

እዚህ ዝም ብዬ እቆጥራለሁ። ቁጥር አፍጥጦ አያየኝም። ሥራዬን እወደዋለሁ፤ ከሁሉ በላይ የማፍረው ይህን ስነግርሽ ነው። አንቺ የሁለት ሰው ሥራ እየሠራሽ ድምፅሽ እስኪዘጋ ስታስተምሪ፣ እኔ እዚህ ተመችቶኝ ከረምኩ። አንዳንዴ ራሴን ሳባብል፣ እኔም እኮ እህቴ ያለችበትን ዓይነት ትንንሽ ትምህርት ክፍል ሰው እንዲያየው እያደረግኩ ነው እላለሁ። ከስንቱ መሃል የደበቅኩት የአንቺን ብቻ መሆኑን ሳስብ ማባበያው ያልቃል።

አሁን የምለምንሽን ስሚኝ። ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የሚመጣው የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ነው፤ ሳቂታው ደብዳቤው ከደረሰሽ በኋላ እንዲደውልልሽ ከአለቃችን ጋር ተስማምተናል። እሱ ሳይደውል ዲኑ ዘንድ ግቢና ወንድሜ አይመጣም በዪው። ቢያስፈልግ ይህን ደብዳቤ አሳዪው፤ የሚያሳፍረው እኔን ነው፣ ግድ የለም። ቦታውን ለግራኟ ጠይቂላት። ከእኔ የተሻለች እንደሆነች ከአንቺ ደብዳቤ ነው ያወቅኩት። ስለ እኔ ስትጽፊ ትጨነቂያለሽ፤ ስለ እሷ ስትጽፊ ግን ምን እንዳስተማረች፣ ማን ምን ጠይቋት ምን እንደመለሰች ነው የምትነግሪኝ። ኢንሹራንሶቹ ሳይቀድሙሽ ፍጠኚ።

ሳቂታው አሥራ አራተኛው ላይ ሲደርስ፣ የዚያን ዕለት እውነት የሆነውን ንገሪው። ክፍት ከሆነ ክፍት ነው በዪ። እኔን ላድን ብለሽ አንዲት ነገር አትጨምሪበት። ቢስቅብሽ ልማዱ ነው፣ እንዳትቀየሚው።

ለእማዬ አንቺ አትንገሪያት። ያ የእኔ ሸክም ነው። እሑድ እደውላለሁ፤ ስልኩን እሷ ታንሣው፣ ድምፁንም ከፍ አታድርጉት። መቼ ነው የምትመጣው ስትለኝ ለዕረፍት፣ ልጠይቃችሁ ነው እላታለሁ። ይህን እንኳ አላስቀርም። ስመጣ ኮሌጁን አሳዪኝ፤ ያን ጊዜ እንግዳ ነኝና ለእኔም ከጎረቤት ክፍል ወንበር አስመጪልኝ።

ብትቆጪ አይደንቀኝም። መልስ ሳትጽፊልኝ ብትከርሚም ይገባኛል፤ እኔ ያደረግኩብሽን ነው። ግን አንድ መስመርም ብትሆን ጻፊልኝ፤ ስድብም ቢሆን።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በዪልኝ፤ ማሽኑም ቢታመም ከነሕመሙ ይለካት። ለጋሼ ሰላም በዪልኝ፤ ያን ቀን ሁለቴ ስላዞረው ጠረጴዛ ካሣው ወገቡን ማሳረፍ ነው በዪው። ሚጣዬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አዲሱን ጥርሷን ሥላ ትላክልኝ። አክስታችንን እጅ ነሥቻለሁ፤ ከጎረቤቷ ጋር ካልታረቀች እኔ ስመጣ አስታርቃቸዋለሁ፣ አሁን ይቅርታ መጠየቅ እየተማርኩ ነው። ሽማግሌውን መምህርም ሰላም በዪልኝ።

ግራኟን ደግሞ፣ አታውቀኝም እንጂ፣ ሰላም በዪያት። ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ አንድ ነገር እንዳትረሺ። ያ ጠረጴዛ የተቀመጠው ለእኔ እጅ ነው። ብርሃኑ በግራ ስለሚመጣ፣ እሷ ስትጽፍ የገዛ እጇ ጥላ ይጋርዳታል። አዙሩላት።

ከሦስተኛ ፎቅ፣ ስልክ ከሌለበት ጠረጴዛ
ሚያዝያ 11 ቀን

ታናሽ ወንድምሽ